ለ56ኬ ሞደም ስንት ዊንዶው ሳይዝ ይበቃል?

ጥያቄ፦ «የምሠራው ቅርንጫፍ ቢሮ ውስጥ ነው። ዋናው መስመራችን ሲቋረጥ በስልክ መስመር፣ በ56ኬ ሞደም እንገናኛለን። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ሞደሙ ብዙ ጊዜ 44,000 ላይ ይገናኛል። መስመሩን ለማፍጠን ብዬ ባነበብኩት ምክር መሠረት የቲሲፒ ዊንዶው ሳይዙን 65,535 አደረግኩት። ፋይል የማወርድበት ፍጥነት ግን ምንም አልተለወጠም። ጭራሽ ፋይል እያወረድኩ ሌላ ገጽ ልክፈት ስል ሰርቨሩ አልተገኘም ይለኛል። ዋናው ቢሮ ያለው ሰርቨር ላይ በርቀት ገብቼ ስጽፍም ፊደሉ የሚታየኝ ከብዙ ሰከንድ በኋላ ነው። ከዚህም በላይ ላሳድገው? ወይስ ሞደሙ ነው የተበላሸው?»

መልስ፦ አያሳድጉት። እንዲያውም ወደ 4,288 ያውርዱት። ሞደሙ ጤነኛ ነው፤ 56 የሚባለው ጣሪያው ስለሆነ በእውነተኛ የስልክ መስመር ላይ 44,000 ማግኘት ጥሩ ነው። ገጹ እምቢ ያለውም፣ ፊደሉ የዘገየውም ባስገቡት ቁጥር ምክንያት ነው። ቁጥሩን ብቻ ነግሬዎት ባቆም ግን ነገ ሌላ ምክር ያነቡና መልሰው ይቀይሩታል። ስለዚህ ምክንያቱን ከሥሩ እንየው።

ዊንዶው ሳይዝ የፍጥነት መጨመሪያ አይደለም። ቲሲፒ በሚባለው የኢንተርኔት መላላኪያ ደንብ ኮምፒውተርዎ ለላኪው ሰርቨር የሚነግረው ገደብ ነው። «ደረሰኝ እስክልህ ድረስ ከዚህ ባይት በላይ እንዳትልክ» ይለዋል። ሰርቨሩ ያን ያህል ልኮ ይቆማል። የደረሰኝ መልስ ሲመጣለት ይቀጥላል። ስለዚህ ዊንዶው ሊያዘገይዎት የሚችለው በጣም ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው። ያኔ ሰርቨሩ መልስ እየጠበቀ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ መስመሩም ባዶውን ይቆያል። መስመሩ አንዴ ከሞላ በኋላ ግን ዊንዶውን ቢጨምሩት ባይጨምሩት ፋይሉ በአንድ ሰከንድ እንኳ ቀድሞ አይደርስም።

መስመሩን ለመሙላት ስንት ባይት ይበቃል? የመስመሩን ፍጥነት በደርሶ መልስ ጊዜው ያባዙት፤ የተላከው ሄዶ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። የእርስዎ 44,000 ቢት ለ8 ሲካፈል 5,500 ባይት በሰከንድ ነው። የዳያል አፕ (በስልክ ደውሎ የሚደረግ ግንኙነት) ደርሶ መልስ ሩብ ሰከንድ ነው እንበል። 5,500 በ0.25 ሲባዛ 1,375 ባይት ይሆናል። መረጃ በኢንተርኔት ላይ የሚሄደው ፓኬት በሚባሉ ቁራጮች ተከፋፍሎ ነው፤ ይህ 1,500 ባይት የሆነውን አንድ ሙሉ ፓኬት እንኳ አያክልም። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ሆኖ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ 2,750 ባይት ነው። መንገዱ በሳተላይት አልፎ 0.75 ሰከንድ ቢደርስ ደግሞ 4,125 ባይት ነው። ከዚህ የከፋ ሁኔታ በስልክ ሞደም ላይ እምብዛም አያጋጥምዎትም።

ዊንዶውስ 95 እና 98 ሳይነኩ ይዘውት የሚመጡት ዊንዶው 8 ኪሎባይት አካባቢ ነበር። 8,192 ባይት በሩብ ሰከንድ ደርሶ መልስ እስከ 32,768 ባይት በሰከንድ ሊያስተናግድ ይችላል። የእርስዎ መስመር መሸከም የሚችለው 5,500 ነው። ያ የድሮ ቁጥር ራሱ መስመሩ ከሚፈልገው በስድስት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። በዳያል አፕ ላይ ሰዎችን ሲያዘገይ የኖረው ዊንዶው ሳይዝ አልነበረም።

ታዲያ 65,535 ከየት መጣ? በቲሲፒ ፓኬት ራስጌ (ከመረጃው ፊት የሚቀመጠው የመላኪያ መመሪያ) ላይ ለዊንዶው የተመደበው ቦታ 16 ቢት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣው መስፈርት የተወሰነ ነው። በ16 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 65,535 ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ በ1992 የመጣው የዊንዶው ማባዣ ያስፈልጋል። ምክሩም ለትክክለኛው ሰው ሲሰጥ ጥሩ ምክር ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በኤተርኔት ላይ 17,520 ባይት ይጠቀም ነበር። 8 ሜጋቢት ዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚመጣ ፈጣን ኢንተርኔት) ያለውና ደርሶ መልሱ 100 ሚሊሰከንድ የሆነ ሰው መስመሩን ለመሙላት 100,000 ባይት ይፈልጋል። በ17,520 ግን ከ1.4 ሜጋቢት በላይ አያገኝም። ለእሱ ቁጥሩን ማሳደግ ትልቅ ለውጥ ነበር። ችግሩ ምክሩ «ለፈጣን መስመር» የሚለው መግቢያው ተቆርጦ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ቢሮ እንመለስ። 65,535 ብለው ሲፈቅዱለት ሰርቨሩ ያን ሁሉ ባይት ይልክልዎታል። ከሰርቨሩ እስከ አገልግሎት ሰጪው ድረስ ያለው መንገድ ፈጣን ስለሆነ ባይቱ ወዲያው ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእርስዎ ቀጭን የስልክ መስመር ነው። የተረፈው ሁሉ አገልግሎት ሰጪው ጋ፣ ሞደምዎ የደወለበት ማሽን ውስጥ፣ ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል። 65,535 ለ5,500 ሲካፈል 12 ሰከንድ ያህል ነው። የታክሲ ሰልፍ ስለረዘመ ታክሲው ቶሎ እንደማይመጣ ሁሉ፣ መስመሩም ባይት ስለተከመረበት አይፈጥንም። አዲስ የመጣው ሰው ነው የሚጎዳው፤ ጭራው ላይ ይቆማል።

አዲስ የመጣው ሰው እዚህ ጋ ማን ነው? የከፈቱት ሌላ ገጽ ነው። ብሮውዘሩ መጀመሪያ የድረ ገጹን አድራሻ ከዲኤንኤስ ይጠይቃል። መልሷ አንዲት ትንሽ ፓኬት ናት። ግን ከሚያወርዱት ፋይል ኋላ ተሰልፋ እስክትደርስ 12 ሰከንድ ይፈጅባታል። ዲኤንኤስ ያን ያህል ትዕግሥት የለውም። ደጋግሞ ይጠይቅና በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ሰርቨሩ አልተገኘም ይልዎታል። በርቀት የሚጽፉትም ፊደል እንደዚሁ ነው። የነካችሁት ቁልፍ ወደ ሰርቨሩ በፍጥነት ይሄዳል፤ ፊደሉ ግን ስክሪንዎ ላይ እንዲታይ ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ ሰልፍ ይይዛል።

ከዚህ የሚብስም አለ። ቲሲፒ የላከው ፓኬት በጊዜው መልስ ካላገኘ ጠፍቷል ብሎ እንደገና ይልከዋል። ገና ሲጀምር ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት ስለማያውቅ በግምት ይነሳል። በድሮው ደንብ 3 ሰከንድ፣ ከ2011 ወዲህ ባለው ደንብ 1 ሰከንድ ይጠብቃል። ሰልፉ 12 ሰከንድ ከሆነ ምንም ያልጠፋ ፓኬት ድጋሚ ይላካል። ቅጂውም በዚያችው ቀጭን መስመር ላይ ቦታ ይይዛል። ይህ ተራ ነገር እንዳይመስልዎት። በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ ከሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ወደ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ግንኙነት ከ32,000 ቢት በሰከንድ ወደ 40 ቢት ወርዶ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ብቻ ነው። የኔትወርክ ተመራማሪው ቫን ጃኮብሰን ምክንያቱን ሲመረምር ያገኘው ላኪዎቹ ከመስመሩ አቅም በላይ እየለቀቁ፣ ያልጠፋውን ሳይቀር ደግመው ደጋግመው መላካቸውን ነው። ዛሬ ቲሲፒ ሲጀምር ቀስ ብሎ የሚጀምረው፣ ሲጨናነቅም የሚቀንሰው ከዚያ ሥራ የተነሳ ነው። ያ ጥንቃቄ ግን የሚሠራው ፓኬት መጣሉን ወይም መዘግየቱን ካየ በኋላ ነው። ትልቅ ባፈር (ፓኬት ማቆያ ቦታ) ያለው ማሽን ደግሞ ሳይጥል ዝም ብሎ ያከማቻል።

ሌላም አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚስተው። ዊንዶው ሳይዝ የሚሠራው ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ለየብቻ ነው። ብሮውዘር ከአንድ ሰርቨር ጋር እስከ ስድስት ኮኔክሽን በአንድ ጊዜ ሊከፍት ይችላል። ስድስት ጊዜ 65,535 ማለት ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ሰልፍ የመፍቀድ ያህል ነው።

እሺ፣ ታዲያ ለምን 1,375 አላልኩዎትም? ለምን ልኩን አንሰጠውም? ሁለት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው፣ ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ፓኬት ወዲያው መልስ አይሰጥም። ሁለት ሙሉ ፓኬት ሲደርሰው ነው የሚመልሰው፤ ሁለተኛው ካልመጣ ጥቂት ይጠብቃል፣ በዊንዶውስ እስከ 200 ሚሊሰከንድ። ዊንዶው አንድ ፓኬት ብቻ የሚይዝ ከሆነ ሁለቱም እየተጠባበቁ መስመሩ ባዶውን ይቆያል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። አንድ ፓኬት በእውነት ሲጠፋ ላኪው ቶሎ የሚያውቀው ከኋላው የመጡ ፓኬቶች ሦስት ተደጋጋሚ መልስ ሲያስመልሱ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ቢያንስ አራት ፓኬት መኖር አለበት። ከዚያ ካነሰ ላኪው ሰዓቱ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ በዳያል አፕ ላይ ይህ በሰከንዶች የሚቆጠር ዝምታ ነው። ስለዚህ ገደባችን ከአራት ፓኬት አያንስም። በ1990ዎቹ ዳያል አፕ ተጠቃሚዎች ዘንድ 2,144 የሚለው ቁጥር የተለመደው ለዚህ ነው፤ አራት ጊዜ 536 ነው። እኔ ስምንት ፓኬት እመርጣለሁ። ፓኬት ሲጠፋ መተንፈሻ አለው፣ ሩቅ ላለ ሰርቨርም ይበቃል። ሰልፉም ከአንድ ሰከንድ አይዘልም።

536 የሚለው ቁጥር ከፓኬቱ መጠን ይመጣል። ዊንዶውን ሲያስተካክሉ አብሮ መታየት ያለበት ኤምቲዩ ነው፤ አንድ ፓኬት ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛው መጠን ማለት ነው። 1,500 ባይት በእርስዎ መስመር ላይ ለማለፍ 0.27 ሰከንድ ይፈጃል። 576 ባይት ግን 0.1 ሰከንድ ነው። እርስዎ በርቀት ስለሚጽፉ ልዩነቱ በጣትዎ ይታወቅዎታል። ፊደልዎ አንድ ትልቅ ፓኬት እስኪያልፍ መጠበቅ ሊኖርበት ነው። ስለ ዝግተኛ መስመሮች በ2001 የወጣው የኢንተርኔት መሐንዲሶች ምክር አንድ ፓኬት መስመሩን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይዝ ይላል። 576 እዚያ ውስጥ ይገባል። ለራስጌ የሚውለው 40 ባይት ሲቀነስ 536 ይቀራል፤ ስምንት ጊዜ 536 ደግሞ 4,288 ነው።

ትንሽ ፓኬት ዋጋ አለው። 40 ባይት ራስጌ ከ1,500 ላይ ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከ576 ላይ ግን ወደ ሰባት በመቶ ይጠጋል። ይህን የሚያካክስ ነገር እጅዎ ላይ አለ። ያው ቫን ጃኮብሰን በ1990 ለዝግተኛ መስመር ያዘጋጀው የራስጌ መጭመቂያ 40 ባይቱን ወደ ጥቂት ባይት ያወርደዋል። በኤክስፒ የዳያል አፕ ግንኙነቱን ፕሮፐርቲስ ከፍተው፣ በቲሲፒ/አይፒ ውስጥ አድቫንስድ የሚለውን ሲጫኑ የአይፒ ራስጌ መጭመቂያ ሳጥን ያገኛሉ። ምልክት ያድርጉበት። አገልግሎት ሰጪው ካልደገፈው ሁለቱ ማሽኖች ተነጋግረው ይተዉታል፤ ጉዳት የለውም። በርቀት ባይጽፉና ሥራዎ ፋይል ማውረድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤምቲዩውን 1,500 ላይ ትተው ዊንዶውን 5,840 እንዲያደርጉ እነግርዎት ነበር፤ አራት ጊዜ 1,460 ማለት ነው። ከ576 በታች ግን በምንም ምክንያት አይውረዱ።

ቁጥሩን ሲያስገቡ ሦስት ቦታ ላይ ይጠንቀቁ። የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበትን ሬጅስትሪ የሚያርመው ሬጅስትሪ ኤዲተር ቁጥር ሲቀበል በራሱ የሚመርጠው ሄክሳዴሲማልን (በ16 የሚቆጠረውን) ነው። ዴሲማል (ተራው በ10 የሚቆጠረው) የሚለውን ሳይመርጡ 4288 ብለው ከጻፉ ኮምፒውተሩ 17,032 አድርጎ ይወስደዋል። ሰልፉ ሦስት ሰከንድ ይሆንና «የባለሙያው ምክር አልሠራም» ይላሉ። ጽፈው ከዘጉ በኋላ መልሰው ከፍተው በቅንፍ ውስጥ ያለውን ዴሲማል ቁጥር ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ለእርስዎ ከሁሉም ይብሳል። ቁጥሩን በአጠቃላዩ የቲሲፒ/አይፒ ፓራሜተርስ ሥር ካስገቡት ዋናው መስመር ሲመለስም አብሮ ይሠራል። 4,288 ባይት ደርሶ መልሱ 50 ሚሊሰከንድ በሆነ ፈጣን መስመር ላይ ከ700 ኪሎቢት በታች ያስቀርዎታል። ስለዚህ ኢንተርፌስስ ከሚለው ሥር ገብተው በሞደሙ ማህደር ውስጥ ብቻ ያስገቡት። የትኛው የሞደሙ እንደሆነ የሚያውቁት ተገናኝተው ሳሉ የያዘውን አይፒ አድራሻ በማየት ነው። በአጠቃላዩ ቦታ ያስገቡት 65,535 ካለም ያጥፉት።

ሦስተኛው፣ የፒፒፒ (ሞደም ሲደወል የሚሠራበት የግንኙነት ደንብ) ግንኙነት ኤምቲዩ የሚስተካከለው እዚያው ኢንተርፌሱ ማህደር ውስጥ አይደለም። ኤንዲስዋን በሚባለው አገልግሎት ፓራሜተርስ ሥር ነው። ብዙ ሰው የተሳሳተው ቦታ አስገብቶ ምንም አልተለወጠም ይላል። ዋናው መስመርዎ ራሱ ከዚያው ኮምፒውተር በፒፒፒ የሚደወል ከሆነ ግን ይህ እሱንም ሊነካው ስለሚችል ኤምቲዩውን አይንኩ፤ ዊንዶውን 5,840 አድርገው ይተዉት። ከመነካካትዎ በፊት ሬጅስትሪውን ኤክስፖርት አድርገው ያስቀምጡ። ሲጨርሱ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱ።

መሥራቱን በወሬ ሳይሆን በፒንግ (ትንሽ ፓኬት ልኮ የደርሶ መልሱን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) ያረጋግጡ። ምንም ሳያወርዱ አንድ ሰርቨር ፒንግ አድርገው ጊዜውን ይያዙ። ከዚያ አንድ ትልቅ ፋይል ማውረድ ይጀምሩና ያንኑ ፒንግ ይድገሙ። ዛሬ ቢሞክሩት ፒንጉ ጭራሽ አይመለስም፤ ለአንድ መልስ የሚጠብቀው 4 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ጊዜው አልፏል ይልዎታል። ካስተካከሉ በኋላ አንድ ሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት። የማውረጃው ፍጥነትም ከ5 ኪሎባይት በሰከንድ ብዙ አለመራቁን ይመልከቱ። ቀንሶ ካገኙት ሰርቨሩ በጣም ሩቅ ነው ማለት ነው፤ ወደ 5,360 ከፍ ያድርጉት፣ አሥር ፓኬት ይሆናል። ብሮውዘሩ ላይም ከአንድ ሰርቨር ጋር የሚከፍተውን ኮኔክሽን ከስድስት ወደ ሁለት ያውርዱ። ፋየርፎክስ ይህን በቅንብሩ ይፈቅዳል። ስድስት ጊዜ 4,288 አሁንም አምስት ሰከንድ የሚጠጋ ሰልፍ ነው።

ትንሹ ዊንዶው አንድ ሌላ ጥቅምም ይሰጥዎታል። ከ2013 ወዲህ ባለው አሠራር ብዙ ሰርቨሮች ገና ሲጀምሩ አሥር ፓኬት ባንድ ጊዜ ይለቃሉ። በሙሉ መጠን ከሆነ 14,600 ባይት ነው፤ በእርስዎ መስመር ላይ ወደ 2.7 ሰከንድ ይፈጃል። 4,288 ያንን ገና ከመነሻው ያግደዋል።

የማይሠራባቸውን ቦታዎችም ይወቁ። ይህ ገደብ የሚሠራው ወደ እርስዎ ለሚመጣው ብቻ ነው። አባሪ ያለው ኢሜይል ሲልኩ ሰልፉ የሚፈጠረው በራስዎ ሞደም በኩል ነው፤ ወደ ላይ የሚሄደው ፍጥነት ደግሞ በቪ.90 (አንዱ የ56ኬ ደንብ) ሞደም ከ33,600 አያልፍም። የደረሰኝ መልሶችዎ ከአባሪው ኋላ ስለሚቆሙ ማውረዱም አብሮ ይንቀራፈፋል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አለማድረግ ነው መፍትሔው።

ኮምፒውተሩን ወደ አዲስ ዊንዶውስ ከቀየሩ ይህ የሬጅስትሪ ቁጥር አይሠራም። ከኤክስፒ ቀጥሎ ከመጣው ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ዊንዶው ሳይዙን ራሱ እያየ ያስተካክላል። ይህን ራስ-ሰር ማስተካከያ ማጥፋት ይጠቅማል የሚል ምክር ያጋጥምዎታል። በዳያል አፕ ላይ አይረዳም፤ ሲጠፋ ወደ ትንሽ ቁጥር አይወርድም፣ 64 ኪሎባይት አካባቢ ይቀራል። እዚያ ጋ የሚሻለው ሞደሙን ሊኑክስ ካለው ራውተር ወይም ኮምፒውተር ጀርባ አድርጎ ሰልፉን ራውተሩ ላይ መቆጣጠር ነው። ኬክ የሚባለው የሰልፍ አስተዳዳሪ ፍጥነቱ ከተነገረው ለዝግተኛ መስመር ራሱን ያስተካክላል። ኤክስፒን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም። የቢሮ መረጃ ያለበት ከሆነ ከዋናው ቢሮ ሰርቨር ውጪ ወደ ኢንተርኔት አያውጡት።

ይህን መልስ የሚያነቡና ከከተማ ራቅ ባለ ቦታ በ2ጂ ዶንግል (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የሞባይል ሞደም) የሚገናኙ ሰዎች 4,288ን እንዳለ እንዳይገለብጡ። ዶንግሉ *99# ደውሎ ስለሚገናኝ ኮምፒውተሩ ዳያል አፕ ነው ብሎ ያሳየዋል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የጂፒአርኤስ (የ2ጂ ኢንተርኔት) ደርሶ መልስ ከግማሽ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ በሬዲዮው ጥራትም ይዋዥቃል። በኤጅ (ፈጠን ባለው 2ጂ) 120,000 ቢት የሚያገኝ ሰው ደርሶ መልሱ 0.6 ሰከንድ ከሆነ መስመሩን ለመሙላት 9,000 ባይት ይፈልጋል። ለእሱ 4,288 ጠባብ ነው፤ ግማሹን ፍጥነት ያጣል። ወደ 16 ኪሎባይት ገደማ ይሻለዋል። ፍጥነትዎን ለኩ፣ ደርሶ መልሱን ለኩ፣ አባዙት፣ ከዚያ እጥፍ አድርጉት፤ ከአራት ፓኬት ግን አታሳንሱት።

ለጠያቂው የመጨረሻው ነገር። ይህን ሁሉ አድርገው አንድ ሜጋባይት ፋይል አሁንም ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅብዎታል። ያንን የሚቀይር ዊንዶው ሳይዝ የለም። የሚያገኙት ፋይሉ እየወረደ ገጽ መክፈትና ሳይቋረጥ መጻፍ መቻልን ነው። ሞደሙ አንድ ቀን ከ44,000 ወርዶ 28,800 ላይ መገናኘት ከጀመረ ወደ ሬጅስትሪ አይሂዱ። የስልክ ሽቦውን፣ መጋጠሚያውንና በዚያው መስመር ላይ የተሰካ ሌላ ስልክ መኖሩን ይፈትሹ።